የአሯሯጩ እጅ

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለፌንጣዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደ ሰነበትሽ ጋዜጣው ከእኔ ቀድሞ ጽፎታል። እኔ ደህና ነኝ፤ መቀሱም ደህና ነው፤ መስታወቱ ብቻ ሳምንቱን ሙሉ የተኮሳተረ ፊት ሲያይ ሰንብቶ ትንሽ ደብዝዟል።

በአውቶቡስ ሾፌሩ እጅ የላክሻት ባለ ሁለት መስመር ወረቀት ደርሳኛለች። መልሱ አዎ ነው። ሁሉም አይቷል፤ እኔም አይቻለሁ። ፀጉር ቤቴ ውስጥ ሰዉ ቆሞ ነበር የሚያየው። አንዱ ደንበኛዬ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ግማሹን እንደያዘ ወንበሩ ላይ ዞሮ አፉን ከፍቷል። ባልሽ ከፊት፣ አንቺ ከኋላው፣ ሌሎቹ ሴቶች በቴሌቪዥኑ ውስጥ እንኳ የሉም። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሽቦው ባልሽ እጁን አነሣና ወደ ዳር ወጣ። የአሯሯጭ ሥራው እስከዚያው ነው። ይህን ለደንበኞቼ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ ፊት ፊት እየሮጠ ፍጥነቷን ይጠብቅላታል፣ ነፋሱን ይመክትላታል፣ ድርሻው ሲያልቅ ይወጣል፣ እሷ ትቀጥላለች ብዬ። ከሁሉም የገባው ያ ግማሽ ጢሙ ነበር፤ ከዚህ በፊትማ አሯሯጭ ማለት ሚስቱን በዱላ የሚያሯሩጥ ይመስለው ነበር።

አንቺ ግን ተከትለሽው ወጣሽ።

ግማሽ ጢሙ "ጫማዋ ተፈትቶ ይሆናል" አለ። ምላጩን አንሥቼ ቀሪውን ጢም ላጨሁለት። ምን ላድርግ?

ሁለቱን ወንበሮቼን ታውቂያቸዋለሽ። በተጋባችሁ ማግስት ለተንኮል ብዬ አንዱ መስታወት ላይ የእሱን ፎቶ፣ ሌላው ላይ ያንቺን ሰቅዬ፣ የባል ወንበርና የሚስት ወንበር ብዬ ሰየምኳቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ሰዉ በሚደግፈው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲከራከር ፀጉሬን አሳጠርክብኝ ማለት ይረሳል። አሁን ግን በባል ወንበር ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። አግዳሚው ላይ ተደርድረው ያንቺን ወንበር ይጠብቃሉ። ቀንቶባት ነው ጎትቶ ያስወጣት ይላሉ።

እኔ የሚሉትን ጻፍኩልሽ እንጂ አላልኩም። አንቺ ደግሞ የሆነውን ጻፊልኝ። ስልክ ላይማ ትዘጊብኛለሽ፤ ደብዳቤ ግን ተዘግቶም ይነበባል። እግርሽስ?

አጎትሽ፣ ራሱን በራሱ ያስተማረው ፀጉር አስተካካይ


ጥቅምት 19 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዘገየው በሥራ ብዛት ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ሥራ የለኝም። ጠዋት ሌሎቹ ሯጮች ለልምምድ ሲወጡ በመስኮት አያቸዋለሁ። ሲመለሱም አያቸዋለሁ።

እግሬ ደህና ነው። የሕክምና ባለሙያዋ ሁሉንም ነካክታ አይታዋለች። የግራ እግሬ የትንሿ ጣት ጥፍር ብቻ ወልቆ ካልሲዬ ውስጥ አገኘሁት። መቼ እንደ ወለቀ አላውቅም። አላመመኝም። ባለሙያዋ ጣቱን ተጭና አመመሽ ስትለኝ፣ አዎ ብላት ደስ እንደሚላት ገባኝና አዎ አልኳት።

ክፍሉ እንደሚያውቁት ነው። ሁለቱ አልጋዎች ተጋጥመዋል፤ በመካከላቸው ካልሲ የምትገባበት ክፍተት አለ። የባሌ ሰዓት መስኮቱ ላይ ባለችው ሚስማር ተንጠልጥሏል። ጎረቤቶቻችን በራችን ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ውስጥ የታመመ ሰው ያለ ይመስል።

እሱ እኅቱ ዘንድ ሄዷል። አልተጣላንም። "ልሂድ መሰለኝ" አለ። እኔም "እሺ" አልኩት። ልብሱን በደንብ አጣጠፈ። እኔ የቦርሳውን አፍ ይዤለት ነበር።

አሁን ያለው ነገር ይህ ነው። ፌዴሬሽኑ ኮሚቴ ሰብስቦ ይጠይቀኛል። ማናጀሩ፣ ባሌ እጁን አንሥቶ ውጪ አለኝ እንድል ይፈልጋል። እንደዚያ ካልኩ የሚቀጥለው ትልቅ ውድድር ላይ ያስገባኛል። እሱን ግን ከዚያ በኋላ አሯሯጭ አድርጎ የሚቀጥረው አይኖርም፤ የቀረው ሥራ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ካላልኩ፣ እየመራች በገዛ ፈቃዷ ያቋረጠች ሯጭ እባላለሁ። እንደዚያ ያለችን ሯጭ ማንም አይጠራም።

ማናጀሩ ውሸት ተናገሪ አላልኩሽም አለኝ። እውነቱን ነው፤ እጁን አንሥቷል። ፎቶው ላይም አለ።

ግን አጎቴ፣ ልምምድ ላይ እጁን ሲያነሣ በቃን ማለት ነው። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ነው። እጁ ሲነሣ አቆማለሁ፤ ውኃ ይሰጠኛል፤ ወደ ቤት እንሄዳለን። ውድድር ላይ ደግሞ ሲነሣ እኔ ወጣሁ፣ አንቺ ሂጂ ማለት ነው። ያን ቀን የትኛውን እንዳነሣ አላውቅም። አልጠየቅኩትም።

ሰላም ይቆዩኝ።


ኅዳር 1 ቀን

ይድረስ ለፌንጣዬ፤

አልተቆጣሁም። የተቆጣሁ የመሰለሽ በጽሕፈቴ ከሆነ፣ መጻፍ የተማርኩት ከሳሙና ካርቶን ላይ እያነበብኩ ስለሆነ ፊደሌ ሁሉ የሚጮህ ይመስላል። ጥፍርሽን አትጣይው። እኔ ዘንድ በመስታወት ውስጥ አስቀምጠን ደንበኛ እናስጎበኝበታለን።

አንድ የስፖርት ጋዜጠኛ መጥቶብኝ ነበር። ሊስተካከል አይደለም፤ ራሰ በራ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን በመስመር ለሁለት ከፈለና በአንዱ በኩል ባል፣ በሌላው በኩል ሚስት ብሎ ጻፈ። ከሁለቱ የማን የሩጫ ዘመን ይበልጣል ብሎ እኔን ጠየቀኝ፤ ሁለቱንም አሳድጌ የዳርኩ መስሎት። ፀጉሩ ቶሎ የሚያድገው የባልየው ነው አልኩት። አልጻፈውም።

ደንበኞቼ ግን ጻፉለት። ሽቦው በስታዲየሙ መም ላይ ገና በልጅነቱ ዓለምን እንዳስደነቀ፣ ያኔ አንቺ ስምሽ እንኳ በትክክል እንደማይጠራ፤ ከዚያ የተረከዝ ጅማቱ ሲበጠስበት አንቺ በጎዳና ሩጫ ቀስ ብለሽ ወደ ላይ እንደ ወጣሽ፤ የሱ እንደ ክብሪት፣ ያንቺ እንደ ከሰል መሆኑን። ሁሉም ልክ ነበር። ክርክሩን ለመዝጋት አንዱ "ቀድሞ ከወጣ ጆሮ፣ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠ" አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥሩ ተረት ነው። ቀጥዬ ግን "ቀንድ አይሰማም፤ ይህን ሁሉ የሚሰማው ጆሮ ነው" አልኩ። የሳቀ የለም። ጋዜጠኛውም አልጻፈው።

በነጋታው ሱቁን ቀደም ብዬ ከፈትኩና ካንቺ ወንበር ሥር አንዱን ብሎን ፈታሁት። አሁን ወደ ግራ ያዘነብላል። ያልወደደ በባል ወንበር ላይ ይቀመጥ! አንዳንዱ ግን እየተንጋደደም ቢሆን ያንቺ ላይ መቀመጡን አልተወም፤ ስለዚህ በሰፈሩ አንድ ጆሮው ከሌላው የረዘመ የሚመስል ሰው ብታዪ የእኔ ሥራ ነው።

በደብዳቤሽ ላይ እንዳዘንሽ አልጻፍሽም። እንደ ተናደድሽም አልጻፍሽም። ስለ ካልሲ ጻፍሽ። ~~ትወጂዋለሽ ወይ~~ ብርዱ እንዴት ነው?

አጎትሽ


ኅዳር 11 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ብርዱ ደህና ነው። የሰረዙት ግን ከሥሩ ይነበባል። መልሱ አላውቅም ነው። ስለ ቅናቱ ግን የማውቀውን ልጻፍልዎ።

እሱ ሲያሸንፍ ቦርሳውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። አበባ ሲሰጡት ካፖርቱን እቀበለው ነበር። አልከፋኝም። ኋላ ጅማቱ ተበጠሰ፣ ተሰፋ፣ ድኖ እንደገና ተበጠሰ። እኔ ማሸነፍ ጀመርኩ፤ ቦርሳውን እሱ ያዘ። ቦርሳው አንድ ነው፤ ማንገቻው ብቻ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። ሰው ተበላለጡ ይላል። እኔ የሚመስለኝ ደረጃ ላይ የተላለፍን ነው፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲወርድ። ደረጃ ላይ ሰው ሲተላለፍ ትከሻውን ዞር ያደርጋል እንጂ አይጣላም።

ቅናቱን ፈልጌዋለሁ። ቁልፍ እንደ ጠፋበት ሰው ሁሉን ገልብጬ፣ የእሱንም የእኔንም። ያገኘሁት ድካም ብቻ ነው።

አጎቴ፣ ባሌን ከፊቱ ይልቅ በጀርባው አውቀዋለሁ። ያገባሁት ጀርባውን ነው ብል ይቀልዱብኝ ይሆናል፤ ይቀልዱ። አንገቱ ላይ እርስዎ በምላጭ የጫሩት ምልክት አለ። ላቡ መጀመሪያ በቀኝ በኩል ነው የሚወርደው። ጅማቱ ሲያመው ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል። ያን ቀን ከሠላሳኛው ብዙ ቀድሞ ትከሻው ዝቅ አለ። መውጣት ነበረበት፤ አልወጣም። ለእኔ ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ውድድር ላይ መሆኔን አላስታውስም። ትከሻውን ብቻ ነበር የማየው። አሁን ይበቃዋል፣ አሁን ያነሣል እያልኩ ነበር። ከዚያ እጁን አነሣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እኔም እንደ እናንተ ከቴሌቪዥን ነው ያየሁት። ወደ ዳር የምትወጣውን ሴት ሳያት ታሳዝነኛለች፤ ግን እኔን አልመስል አለችኝ።

ኮሚቴው በወሩ መጨረሻ ይሰበሰባል። ምን እንደምል ይጻፉልኝ አልልዎትም። ግን ይጻፉልኝ።


ኅዳር 20 ቀን

ይድረስ ለፌንጣዬ፤

ያን ምልክት የጫርኩት እጄ ስቶ ሳይሆን ባልሽ አስነጥሶ ነው። ይህ በታሪክ ይመዝገብልኝ።

የምትይውን አልጽፍልሽም። ምላጭ ይዤ ምክር አልሰጥም፤ ሁለቱም ስለት ናቸው። በእሱ ፈንታ የሆነ ነገር ልንገርሽ።

ረቡዕ ዕለት ሽቦው መጣ። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ግማሽ ጢሙ ከአግዳሚው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀለት። እሱ ግን አልተቀመጠም። ሁለቱን ወንበሮች አያቸው። የራሱ ቀጥ ብሎ ባዶውን ቆሟል፤ ያንቺ አዘንብሏል። ሄዶ ያንቺ ላይ ተቀመጠ፤ ደህናውን እግሩን ወለሉ ላይ ተክሎ ወንበሩን ቀጥ አድርጎ ያዘው። ፎጣውን አለበስኩትና መቁረጥ ጀመርኩ። ምንም አልጠየቅኩትም፤ ፀጉር አስተካካይ ዝም ካለ ሰው መናገሩ አይቀርም። እያየ የነበረው ራሱን ሳይሆን ከመስታወቱ በላይ ያለውን ፎቶሽን ነው።

"ጋሼ፣ እጄን ያነሣሁት ሂጂ ልላት ነበር" አለኝ። "ስወጣ አጠገቤ ቆማ አገኘኋት። ውኃ አለችኝ፤ ሰጠኋት።"

"ከዚያስ?"

"ጠጣች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ጀርባዬን መታ አደረገች። እኔም ልክ መሰለኝ፤ ወደ ቤት ልንሄድ። ሌሎቹ ሴቶች በአጠገባችን ሲያልፉ ነው ሁለታችንም የባነንነው።"

አንገቱን በብሩሽ ጠረግሁለት። ትሮጥ ይሆን ብሎ ጠየቀኝ፤ አልጻፈችልኝም አልኩት። በሩ ላይ ሲደርስ ግማሽ ጢሙ እግርህስ አለው። ይሻለዋል አለ። አልተሻለውም ልጄ፤ ሁለቷን ደረጃ የወረደው ግድግዳውን ይዞ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፤ ምክር አይደለም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ያንቺ ወርቅ ግን አሁን የተንጠለጠለው በእሱ አንገት ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ለዚህ ሜዳልያ አልሮጠም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ተናግሬያለሁ። ረጅም ጠረጴዛ ነበር፤ በየሰዉ ፊት የታሸገ ውኃ አለ፤ የመጋረጃው አንድ ቀለበት ወልቋል። እየተናገርኩ ያን ቀለበት ነበር የማየው።

እጁን አንሥቷል አልኩ። ማናጀሩ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ "ያነሣው ሂጂ ሊለኝ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የተሳሳትኩትም እሱ አሳስቶኝ አይደለም፤ ስለማውቀው ነው" አልኩ። ሰብሳቢው ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አልቀለለም፤ አልከበደምም። ማናጀሩ መነጽሩን አውልቆ አጣጠፈው።

እሱን የሚከለክለው ነገር የለም ተብሏል። እኔን መከሩኝና አሰናበቱኝ። ማናጀሩ ኮሪደሩ ላይ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ መልካም ዕድል አለኝ፤ በዚያው ተለያየን። አሰልጣኙ ከፊተኛው ቡድን ወደ ኋለኛው አዛውሮኛል። ይህ ሁሉ ሲሆን አለቅስ ይሆን ብዬ መሐረብ ይዤ ሄጄ ነበር። እንደ ተጣጠፈ ይዤው ተመለስኩ።

"ሰዓትህን ረስተሃል" ብዬ ላክሁበት። ሰዓቱን ሊወስድ መጣ። አልሄደም። ቦርሳውን ከአልጋው ሥር ካስገባው አራተኛ ቀኑ ነው። አልጋዎቹን አላጠጋጋናቸውም፤ አላራቅናቸውምም። ስለዚያ ቀን አልተነጋገርንም። ጠዋት ቀድሞ ይነሣና ከሩጫ የደከመ እግሬን የማሳርፍበትን በረዶ ያመጣልኛል፤ እግሬን ባልዲው ውስጥ እከታለሁ፤ ሁለታችንም በረዶው ሲሟሟ እናያለን። ቅዝቃዜው የማይሰማኝ መሆኑን አልነገርኩትም።

እዚያው መንገድ ላይ በመጪው ወር አነስ ያለ ውድድር አለ፤ ተጋባዥ የለውም፣ የፈለገ ተመዝግቦ ይሮጣል። ተመዝግቤያለሁ። አሯሯጭ የለኝም። ይህኛውን ካላጠናቀቅኩ ጫማውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብዬ ለራሴ ወስኛለሁ፤ ለእርስዎም አሁን ነገርኩዎ። እሱን ደግሞ አንድ ነገር ለምኜዋለሁ። እሺም እንቢም አላለኝም።

ሰላም ይቆዩኝ።


ታኅሣሥ 15 ቀን

ይድረስ ለፌንጣዬ፤

ምን እንደ ለመንሽው አትንገሪኝ። ለማወቅ ልሞት ነው፤ ግን አልጠይቅም።

ኮሚቴው ፊት ያልሽው በጋዜጣ ወጥቷል፤ አንድ መስመር ብቻ፣ ከኳሱ ዜና ሥር። ራሰ በራው ነው የጻፈው። ቆርጬ የት እንደምለጥፈው ቸግሮኝ ሰነበትኩና በመጨረሻ ፎቶዎቻችሁን አቀያየርኳቸው፤ ያንቺን ወደ እሱ መስታወት፣ የሱን ወደ ያዘነበለው። ደንበኛው ግራ ገባው። አንዱ ቆሞ "አሁን የቱ ነው የማን?" ቢለኝ፣ "አንተ የመጣኸው ጭንቅላትህን ይዘህ ነው፤ ያገኘኸው ላይ ተቀመጥና ስጠኝ" አልኩት። ተቀመጠ። ተንጋደደ እንጂ አልወደቀም።

አንዳንድ ጊዜ ሥራ ሲቀዘቅዝ እኔ ራሴ እዚያ ያዘነበለው ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ ሆኜ ሳይ ሱቁ ሁሉ ወደ አንድ ጎን የሚፈስ ይመስላል። እንደዚህ ሆኖ ለምን ያህል ጊዜ መቀመጥ ይቻላል ብዬ ሞክሬዋለሁ። ይቻላል፤ አንድ እግር መትከል ብቻ ይፈልጋል።

ብትጨርሺም ባትጨርሺም ያው ፌንጣዬ ነሽ። ይህን የምጽፈው አንቺን ላጽናና አይደለም፤ እኔ እንድጽናና ነው።

አጎትሽ


ጥር 9 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ውድድሩ ትናንት ነበር። ሰባተኛ ወጣሁ። ብዙ ሰው አልነበረም፤ ቴሌቪዥንም አልመጣም፤ ስለዚህ የዚህኛውን እኔ ነኝ የምነግርዎ።

ከፊቴ ጀርባ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። በኋላ መንገዱ ላይ አሳረፍኩት። መንገዱ ለካ ብዙ ቦታ ተጠግኗል።

የለመንኩት ሠላሳኛው ላይ እንዲቆም ነበር፤ ጀርባውን ሳይሆን ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ። ይቁም አይቁም አላውቅም ነበር። ታጥፌ ስወጣ አየሁት። ያኔ የቆምንበት ቦታ ላይ፣ ከዳር ካለው ገመድ ወዲያ ቆሟል። ሁለት እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቷል፤ እስከ ክርኑ የከተታቸው ነው የሚመስለው። ውኃ እንኳ አልያዘም። ግራ ትከሻው ዝቅ ብሏል። ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየሁት፤ እየቀረበ ሲመጣ ማለቴ ነው። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። አርጅቷል። እሱም አየኝ። በፊቱ አለፍኩ።

ካለፍኩት በኋላ እጁን ከኪሱ ያውጣ አያውጣ አላውቅም። ዞሬ አላየሁም።

ትንሽ እንደ ሄድኩ የግራ እግሬን አንድ ነገር ወጋኝ። ጠጠር መሰለኝ። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ጠጠር አልነበረም፤ አዲሱ ጥፍር ነው፣ ጎኑን እየበላው ያድጋል። እሱ ባልዲውን አምጥቶ እግሬን ሲያስገባው "ቀዘቀዘኝ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና በረዶውን በእጁ ዛቅ ዛቅ አድርጎ ቀነሰልኝ።

የወንበሩን ብሎን ይመልሱት፤ ሰው ይወድቅብዎታል።

ሌላ ዜና የለም። ጣቴን አሞኛል።